ሰነፍ የተባለው ማን ነው?

«ሞሮን» የሚለው ቃል ዛሬ በእንግሊዝኛ ተራ ስድብ ነው። በመንገድም፣ በፊልምም፣ በፖለቲካ ክርክርም «ጭንቅላት የለህም» ለማለት ይወረወራል። ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ያስገባው ግን የሰፈር ተሳዳቢ ሳይሆን ሳይንቲስት ነው። ሄንሪ ጎዳርድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒው ጀርዚ፣ ቫይንላንድ በሚባል ቦታ በነበረ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ማሠልጠኛ ይሠራ ነበር። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ያዘጋጀውን ፈተና ወደ አሜሪካ አምጥቶ ሰዎችን «በአእምሮ ዕድሜ» መደባቸው። በ1910 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአእምሮ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ነው ላላቸው አዋቂዎች ስም ሲፈልግ ከግሪክኛ «ሞሮስ» የሚለውን ተዋሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው መዘዝ ቀላል አልነበረም። በ1927 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሪ ባክ የተባለች የቨርጂንያ ወጣት «አእምሮዋ ደካማ ነው» ተብላ በግዳጅ እንድትመክን ፈቀደ። ልጅቷ ተደፍራ ያረገዘች ድሃ እንጂ አእምሮዋ የጎደለ እንዳልነበረች በኋላ ታወቀ። በዚሁ ዓይነት ሕግ በአሜሪካ ልጅ እንዳይወልዱ የተደረጉት ሰዎች ከ60,000 በላይ ናቸው። ከትዕቢተኛ ላይ ተነሥቶ በምስኪን ላይ የተለጠፈ አንድ ስም ይህን ሁሉ ጉዳት አግዟል።

«ከትዕቢተኛ ላይ ተነሥቶ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ። «ሞሮስ» የሐዲስ ኪዳን ቃል ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ይህን አንድ ሥር በአራት መልክ ያገኘዋል። ዘይት ሳይዙ የወጡት አምስቱ ደናግል «ሰነፎች» ናቸው። በተራራው ስብከት ወንድምን መጥራት የተከለከለበት ስም «ደንቆሮ» ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መስቀሉ ሲጽፍ «ሞኝነት» ይላል። ጣዕሙን ያጣው ጨው ደግሞ «አልጫ» ነው፤ በግሪክኛው እዚያም የቆመው ግሥ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። እያንዳንዱ ቦታ የሚፈልገውን ቃል መርጠዋል፤ በተለይ «አልጫ» የሚለው ምርጫ እጅግ የሚደነቅ ነው። የዛሬው አንባቢ ግን አራቱን ሲያነብ የሚያየው አራት ዓይነት ሰው ነው፦ ሥራ የማይወድ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ በቀላሉ የሚታለል፣ ጨው የጎደለው ወጥ። መጽሐፉ የሚናገረው ግን ስለ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው በዛሬው ንግግራችን ስም አልባ ሆኖ አምልጧል፤ ስሙን የተሸከሙለት ሌሎች ናቸው። በእኔ እምነት ይህ ከቋንቋ ጨዋታ ያለፈ ነገር ነው። በማን ላይ እንደምንፈርድና ማንን እንደምናከብር የሚወስን የሃይማኖት ጥያቄ ነው።

ሰነፍ ማን እንደሆነ ለማወቅ ከትርጓሜ ይልቅ ሰውዬውን ማየት ይሻላል። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 25 ውስጥ ናባል የሚባል ሰው አለ። በዕብራይስጥ «ናባል» ማለት ሰነፍ ማለት ነው፤ በልቡ አምላክ የለም ይላል ተብሎ በመዝሙር የተነገረለት ሰው የተጠራውም በዚሁ ቃል ነው። ሚስቱ አቢግያ ራስዋ ስሙና ጠባዩ አንድ መሆናቸውን ለዳዊት ትነግረዋለች። እንግዲህ ይህ ሰው በዛሬው አነጋገር «ጭንቅላት የሌለው» ነበርን? ሦስት ሺህ በግና አንድ ሺህ ፍየል ነበረው። በቀርሜሎስ በጎቹን የሚሸልትበት ቀን የግብዣ ቀን ነበር። የዳዊት ሰዎች በበረሃ እረኞቹን ሲጠብቁ ከርመው በዚያ ቀን ከተገኘው ጥቂት እንዲሰጣቸው ሲጠይቁት ዳዊት ማን ነው ብሎ መለሳቸው፤ እንጀራዬንና ውኃዬን፣ ለሸላቾቼ ያረድኩትን፣ ከወዴት እንደመጡ ለማላውቃቸው አልሰጥም አለ። ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል። ማን ጌታውን ትቶ እንደኮበለለም ያውቃል፤ የአገሩን ፖለቲካ ተከታትሏል ማለት ነው። የጎደለው ነገር ሌላ ነው፤ ከአገልጋዮቹ አንዱ ራሱ ለእመቤቱ ሲነግር ማንም ሊናገረው የማይችል ሰው ነው አላት። አቢግያ ሁለት መቶ እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን፣ የተዘጋጁ አምስት በጎች፣ የተጠበሰ እሸት፣ ዘቢብና በለስ በአህያ ጭና ስትሮጥ እርሱ እንደ ንጉሥ እየጋበዘ ይሰክር ነበር። ነገሩን በማለዳ ሲሰማ ልቡ በውስጡ ሞተ፤ እንደ ድንጋይም ሆነ። ከዐሥር ቀን ያህል በኋላ ሞተ። መጽሐፉ ስንፍና የሚለው ይህን ነው፦ ሰው የማይነግረው፣ ውለታ የማያይ፣ በያዘው ላይ የደነደነ ልብ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋም ከናባል ጋር አንድ ቤት ነው። እርሻው ፍሬ ሰጠ፤ ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ እሠራለሁ፣ ምርቴንም በዚያ አከማቻለሁ አለ። ዛሬ ቢሆን የብድርና የልማት ባለሙያ ያመሰግነው ነበር። «አንተ ሰነፍ» ተብሎ የተጠራው ግን እርሱ ነው። አሥሩ ደናግልም እንዲሁ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ያንቀላፉትና የተኙት አሥሩም ናቸው፤ ልባሞቹም ተኝተዋል። ስለዚህ «ሰነፍ» እንቅልፋም ማለት ሊሆን አይችልም። ሥራ ጠል ለሆነው ሰው ያው መጽሐፍ ሌላ ቃል አለው፤ በመጽሐፈ ምሳሌ ወደ ጉንዳን ሄዶ እንዲማር የሚመከረው «ታካች» ነው። ታካችና ሰነፍ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ታካቹ ከአልጋው አይነሣም፤ ሰነፉ ማልዶ ሊነሣና ሊነግድ፣ ጎተራም ሊሠራ ይችላል። የእርሱ ተቃራኒ «ልባም» የተባለው ነው፤ አማርኛችን እዚህ ላይ ከብዙ ቋንቋ ይልቅ ወደ መጽሐፉ ይቀርባል። ልጁ ሲበስል ልብ ገዛ እንላለን፤ ሰውን ስናስጠነቅቅ ልብ በል፣ ልብ አድርግ እንላለን። ማስተዋልን ከራስ ቅል አውጥተን ልብ ውስጥ አስቀምጠናል። ልብ ደግሞ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ነው፤ በመዘጋቱም ባለቤቱ ይጠየቅበታል።

የመዝሙሩን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ከሁሉ በላይ ያለአግባብ የሚጠቀሰው እርሱ ነውና። በግእዙ ዳዊት 13ኛው፣ በዕብራይስጡ ቁጥር 14ኛው መዝሙር ላይ አምላክ የለም የሚለው ሰው በግእዝ «አብድ»፣ በአማርኛ «ሰነፍ» ይባላል። አንድ ወጣት ስለ እምነቱ ጥያቄ ሲያነሣ ይህ መዝሙር አፉን መዝጊያ ሆኖ ይጠቀስበታል። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን በዚያ ቦታ ጠያቂ ተማሪ አያገኝም፤ የሚያገኘው ሕዝብን እንደ እንጀራ የሚበላ ግፈኛ ነው። ክህደቱ በአደባባይ ክርክር አልተነገረም፤ በልቡ ነው ያለው። በአፉ ምናልባት መሐላም ምስጋናም ይኖረዋል። የድሃውን መሬት ሲነጥቅ፣ በሐሰት ሲመሰክር ግን «የሚያይ የለም» ብሎ ነው የሚሠራው። አምላክ የለም ማለት በዚያ መዝሙር የኑሮ ዘይቤ ነው። እንግዲህ ሊቃውንትና ሰባክያን ልጆች ሲጠይቁ ይህን መዝሙር ባይመዙባቸው መልካም ነበር። ኢዮብ ከማንም የበለጠ ጠየቀ፤ በመጨረሻ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተብለው የተወቀሱት ግን መልስ አለን ያሉት ወዳጆቹ ናቸው።

ስሙ ከዚህ ግፈኛ ላይ ተነሥቶ ወዴት ሄደ? ግእዙ «አብድ» ሁለት ነገር ይይዝ ነበር፤ አእምሮው የታወከበትንም፣ እያወቀ ማስተዋልን የናቀውንም። በአማርኛ «እብድ» ስንል የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ በሽተኛውን ይከተለዋል፤ ሕዝብ እንደ እንጀራ የሚበላው ሰው ግን እብድ አይባልም፤ «ብልጥ» ይባላል። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ስንት ቤተሰብ የታደገ የሕክምና ቤት ሆኖ ሳለ ስሙ የስድብ ማሳረፊያ ሆኗል። የታመመ ሰው ቤተሰብ ሐፍረት ፈርቶ ልጁን ጓዳ የሚደብቀው፣ ሕክምናውም ዓመታት የሚዘገየው፣ ከሌላው ምክንያት ጋር ይህ ስም ከብዶት ነው። «ሰነፍ» ደግሞ ትምህርት ቤት ገባ። በተማሪው ካርድ ላይ ከስሙ ሥር ደረጃው ይጻፋል፤ በክፍሉ መጨረሻ የወጣው ልጅ ሰነፍ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ዝቅተኛ ነጥብ የስንፍና ምልክት ከሆነ ከመቶ ተፈታኝ ወጣት ዘጠና ሰባቱ ያህል ሰነፍ ነው ልንል ነው። መጽሐፍ የሌለው፣ መምህር ያልደረሰው፣ ጦርነት ትምህርት ቤቱን የዘጋበት ልጅ ከናባል ጋር አንድ ስም ሊሸከም ነው። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የከፋው ግን «የዋህ» በሚለው ቃል ላይ የደረሰው ነው። ጌታ ብፁዓን ካላቸው መካከል የዋሆች አሉ፤ ስለ ራሱም ሲናገር የዋህ ነኝ ብሏል። ዛሬ አንድን ሰው «እሱ እኮ የዋህ ነው» ስንለው ግማሽ ሐዘኔታ ነው፤ ጅል ላለማለት የምንጠቀምበት ማለዘቢያ ሆኗል። እንግሊዝኛም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ዛሬ ቂላቂል ለማለት የሚጠቅመው «ሲሊ» የሚለው ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ የተባረከ፣ የታደለ ማለት ነበር፤ የጀርመንኛው ዘመዱ «ዜሊግ» አሁንም ብፁዕ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ከተባረከ ወደ ንጹሕ፣ ከንጹሕ ወደ ምስኪን፣ ከምስኪን ወደ ደካማ፣ ከደካማ ወደ ቂል ወረደ። በሁለት በማይዛመዱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ቁልቁለት መገኘቱ እንዲያው ያጋጠመ አይመስለኝም። ሰው የማያጠቃውን ሰው ይንቃል፤ ያልነጠቀውን፣ ያልዋሸውን፣ ለመበቀል ያልቸኮለውን «አልገባውም» ይለዋል። ተረታችንም «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይላል። የሚጠቅሰው ሁሉ በባለ ደጁ ይስቃል፤ መጥረቢያ ይዞ በሰው ደጅ ስለቆመው ሰው ግን ተረቱም ጠቃሹም ዝም ይላሉ። ሌላው ተረታችን ደግሞ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል፤ ይህኛው መጽሐፉን ይመስላል። የመጀመሪያው ሞኝ የሰጠ ነው፤ ሁለተኛው እንቢ ያለ ነው። በአንድ ስም ሁለት ሰው መያዛችን ነው ነገሩን ያደናገረው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልካቸው ልባምነትን ከእባብ፣ የዋህነትን ከርግብ እንዲማሩ ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ አዘዛቸው፤ የዋህ መሆን ልብን አያስጥልም ማለት ነው።

«ደንቆሮ» የሚለው ቃል የመጣው በተቃራኒ መንገድ ነው። እርሱ ከጆሮ ተነሥቶ ወደ ዕውቀት ሄደ፤ ድንቁርና ያልነው ነገር ስሙን የወሰደው መስማት ከማይችሉ ሰዎች ነው። መጨረሻው ግን ያው ነው፤ ያልበደለው ሰው ይመታል። መስማት የተሳነው ሰው እንቢ አላለም። በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ባቋቋመችው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት በእጃቸው የሚማሩ ልጆች አሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። እነዚህ ሰዎች በእጅ የተነገራቸውን ልብ ብለው የሚይዙ ናቸው። ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ምክር የማይገባውን ሰው በእነርሱ ስም መጥራት ለእነርሱ ስድብ፣ ለእርሱ ምሕረት ነው፤ እርሱ የማይሰማው መስማት ስለማይችል ይመስላላ!

እዚህ ላይ ብርቱ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ወንድሙን በዚህ ስም የሚጠራ የገሃነም ፍርድ ይገባዋል ያለው ጌታ ራሱ በማቴዎስ ምዕራፍ 23 ጻፎችንና ፈሪሳውያንን በዚሁ ቃል ጠራቸው፤ ታዲያ ክልከላው ለማን ነው? ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መልሱን ያገኘዋል። በተራራው ስብከት ነገሩ የሚጀምረው ከቁጣ ነው፤ ከግድያ ወደ ቁጣ፣ ከቁጣ ወደ ስድብ እየወረደ ሥሩን ይቆፍራል። ሰውየው ወንድሙን በዚያ ቃል ሲጠራ ከሰው ቁጥር አውጥቶታል፤ ለመግደል ግማሽ መንገድ ሄዷል። እንደ ጎዳርድ ባለ ምደባ የተመደቡ ሰዎች ወደ ማምከኛ ጠረጴዛ የሄዱት መጀመሪያ በስም ከሰው ተራ ስለወጡ ነው። በምዕራፍ 23 ግን ቃሉ የተነገረው ለሥልጣን ባለቤቶች ፊት ለፊት ነው፤ የመሐላን ሕግ እያጣመሙ ሌላውን በሸክም ያጎበጡ፣ የዕውቀት ቁልፍ በእጃቸው ያለ ሰዎች ነበሩ። ቃሉ ወደ ላይ ሲነገር ተግሣጽ ነው፤ ወደ ታች ሲወረወር ግድያ ነው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንወረውረው ወደ ታች ነው። አለቃውን ደንቆሮ የሚል ሠራተኛ የለም፤ ተላላኪውን የሚል አለቃ ግን አለ።

ሌላው ተቃውሞ ቋንቋ ይለዋወጣል፣ ቃል መንገዱን ይሄዳል፣ ማንም አይመልሰውም የሚል ነው። እውነት ነው፤ «ሰነፍ» ማለት ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ በአዋጅ ልንለውጠው አንችልም፤ እኔም አልጠይቅም። ግን ለውጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለዚህ «ጨዋ» የሚለውን ቃል እዩት። በቤተ ክህነት አነጋገር ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ከካህናት ወገን ያልሆነ ማለት ነበር። ግሪኮች «ኢዲዮቴስ» የሚሉት ሰው፣ ያለ ሹመት የሚኖረው፣ ሙያ የሌለው ተራ ሰው፣ እርሱን ይመስላል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 የአይሁድ ሸንጎ ጴጥሮስንና ዮሐንስን የገመታቸው በዚህ ቃል ነው። ያ የግሪክ ቃል በአውሮፓ ወርዶ ወርዶ «ኢድየት» የሚባል ስድብ ሆነ። የእኛ «ጨዋ» ግን መልካም ጠባይ ያለው፣ ቃሉን የሚያከብር፣ አደቡን የሚያውቅ ሰው ማለት ሆነ። ያልተማረውን ሰው አማርኛ በአንድ ቃል ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ቃላት ሁሉ ወደ ታች እንዲፈስሱ የተፈረደባቸው አይደሉም። የአንድ ሕዝብ አክብሮት የት እንዳለ ይከተላሉ፤ አክብሮቱ ሲቀየር እነርሱም ይቀየራሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሃይማኖቱ ውስጥ የሚመጣ ነው። ጳውሎስ እኛ ስለ ክርስቶስ ሞኞች ነን ብሎ የለምን? ታዲያ ሞኝነት የሚወቀስ ነው ወይስ የሚመሰገን? ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ሞኝነት የሚለውን ቃል የሚያነሣው ከተመልካቹ አፍ ነው። ቆሮንቶስ ሀብትና ንግግር አዋቂነት የሚወደስባት የወደብ ከተማ ነበረች፤ የመስቀል ሞት የባሪያና የወንበዴ ሞት ነው። በዚያ መለኪያ የተሰቀለ አዳኝን መስበክ ከሞኝነት ሌላ ስም አያገኝም። ሐዋርያው ስሙን ተቀበለ፤ መለኪያውን ግን ነቀለው። በእኛ አገር ጫካ የገባ ባሕታዊ፣ ርስቱን ለድሃ ያካፈለች እናት፣ ጉቦ እንቢ ብሎ ከሥራው የቀረ ዳኛ ሞኝ ሲባሉ ያው መለኪያ ነው የሚሠራው። ማሰብን ግን ጳውሎስ አልናቀም፤ በዚያው ደብዳቤ በክፋት ሕፃናት፣ በአእምሮ ግን የበሰሉ እንዲሆኑ ይለምናቸዋል። ሰነፉን ያጠፋው ማሰቡ አይደለም፤ የሚያስበው ብቻውን መሆኑ ነው።

ብቻውን ከማሰብ ይልቅ የሚሰማውን ሞኝ ደግሞ በታቦር ተራራ እናገኘዋለን። በሐዋሳ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ የቆመው ኮረብታ ታቦር ይባላል፤ ክፍለ ከተማውም በስሙ ይጠራል፤ በከተማዋ ያለው የመካነ ኢየሱስ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤትም ስሙ ታቦር ነው። ወንጌላውያን የተራራውን ስም አይጽፉም፤ የጌታ መልክ የተለወጠበት ታቦር ነው የሚለው ከጥንት የመጣ ትውፊት ነው፤ ኦርቶዶክሳውያን ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦርን የሚያከብሩት፣ ልጆችም ቡሄ እያሉ ሙልሙል የሚሰበስቡት በእርሱ ነው። በዚያ ተራራ ላይ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ እንሥራ አለ፤ ሉቃስም የሚናገረውን አያውቅም ነበር ብሎ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ክብር ፊት ለፊት እያየ ስለ ዳስ ማውራት ከሞኝነት ሁሉ የሚበልጥ ይመስላል። ከደመናው የመጣው ድምፅ ግን አልገሠጸውም፤ ልጄን ስሙት አለ። የጴጥሮስ ሞኝነትና የናባል ስንፍና የሚለያዩት በዚህ ነው። አንዱ የማይረባ ነገር ተናግሮ ሰማ፤ ሌላው ትክክለኛ ሒሳብ ይዞ የሚነግረው ጠፋ። ሰሎሞን በገባዖን በሕልሙ የለመነው ጥበብ በዕብራይስጡ ቃል በቃል ሲነበብ የሚሰማ ልብ ማለት ነው፤ ንጉሥ ሆኖ ሳለ፣ ሁሉ ሊሰማው ሲገባ፣ እርሱ መስማትን ለመነ።

የሐዋሳ ምድር ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም። በሲዳማ ሽማግሌዎች ለምክክር ሲቀመጡ «አፊኒ» የሚል ቃል አለ፤ ትርጉሙ ሰማችሁ ወይ ወደሚለው ይጠጋል። ነገሩ ሰምቶ ከማሰማት ይጀምራል፤ ከዚያ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎቹ ጉባኤ፣ ተመክሮበት «ሃላሌ» የሚሉት እውነት ይፈለጋል። በዚህ ሥርዓት ሞኝ የሚሆነው ቀስ ብሎ የሚረዳው ሰው አይደለም፤ ለእርሱ ነገሩ ይደገምለታል። ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ሳይሰማ የሚፈርድ፣ ሰምቶም እንዳልሰማ የሚሆን ነው። ብሔር ብሔረሰቦች ተቀላቅለው በሚኖሩባት፣ ሲዳማ ክልል ስለ መሆኗ በኅዳር 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ዙሪያ ብዙ በተባባለባት ከተማ፣ ሌላውን ወገን «አይገባቸውም» ማለት ሁልጊዜ ከመስማት ይቀላል። እንደዚያ ያለው ሰው ቢማርም፣ ዲግሪ ቢደራርብም፣ በመጽሐፉ ስም ሰነፍ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለሦስት ወገን ነው። መምህራን ሆይ፣ ያልገባውን ልጅ ሰነፍ አትበሉት፤ ገና አልገባውም በሉት፤ አንድ ጊዜም ድገሙለት። ወላጆች፣ በታመመው ዘመዳችሁ ላይ እብድ የሚለውን ስም አንሡለትና ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሰባክያንና የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ደግሞ ያን መዝሙር ስታነብቡ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ሰነፍ የተባለው ሕዝብን እንደ እንጀራ የሚበላው ሰው መሆኑን በስሙ ተናገሩ፤ እርሱ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ቢሆንም።